የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ማኅበር፦ ከምሥረታ እስከ ቁልፍ ርክክብ (ለደብረ ማርቆስና ለሌሎች የጎጃም ከተሞች)

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ሁሉም ወደ ገበሬው ማሳ እየሰፉ ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛዋና የግብርና ባለሙያው ግን ዛሬም በኪራይ ቤት ይኖራሉ። በሊዝ ጨረታ ከነጋዴ ጋር ተፎካክሮ ቦታ ማሸነፍ በወር ደመወዝ የሚሞከር አይደለም። የቀረው በር ቤት ማኅበር ነው።

ይህ መመሪያ 20 አባላት ላሉት ማኅበር ተብሎ የተሰላ ነው፤ ቁጥራችሁ ቢለይ አካፍላችሁ ተጠቀሙበት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝ፦ ቤት ማኅበር ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው መሬት አጥቶ ሳይሆን መሬት ካገኘ በኋላ ነው። ቦታው እስኪገኝ ሁሉም አንድ ልብ ነው። ቦታው ሲገኝ አንዱ ዛሬውኑ ልሥራ ይላል፣ አንዱ መሸጥ ያምረዋል፣ አንዱ ደግሞ እጁ ያጥረዋል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ሥራ ለዚያ ቀን መዘጋጀት ነው።

1. ሰው መሰብሰብ

የተለመደው የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ተጠራርተው መሰብሰባቸው ነው። ይህ ለመተዋወቅ ጥሩ ነው፤ ለገንዘብ ግን በቂ አይደለም። መለኪያው በየወሩ ሊቆጥቡ የሚችሉት መጠን መቀራረቡ ነው። 3,000 ብር የሚችልና 10,000 ብር የሚችል አባል በአንድ ማኅበር ሲገናኙ የመጀመሪያው ይጎተታል፣ ሁለተኛው ይሰለቻል።

ከእያንዳንዱ አመልካች ሦስት ወረቀት ጠይቁ። አንደኛው ከመሥሪያ ቤቱ ፋይናንስ የሚሰጥ የደመወዝ ማስረጃ ሲሆን፣ አሁን ያለበትን የብድርና የሌላ ተቆራጭ ሁሉ የሚያሳይ መሆን አለበት። ሁለተኛው የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ነው። ሦስተኛው በከተማው ውስጥ በራሱም ሆነ በትዳር ጓደኛው ስም ቤት ወይም ቦታ እንደሌለው የሚያሳይ የማዘጋጃ ቤት ማረጋገጫ ነው። ብዙ ፋይል የሚወድቀው በሦስተኛው ነው። ባል አባል ሆኖ ሚስት ከቤተሰቧ በውርስ ያገኘችው ቦታ በስሟ ተመዝግቦ ከተገኘ፣ ማጣራቱ የሚያቆመው የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይሆንም፤ የ20ውም ፋይል ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ከትዳር ጓደኛው ጋር «ቤትም ቦታም የለንም፤ ቢገኝብን ማኅበሩ ያሰናብተን» የሚል መግለጫ ይፈርም። ሰውን ማሳፈር አይደለም፤ የሌሎቹን 19 ቤተሰብ ዕድል መጠበቅ ነው።

ከዚያ ወደ ምዝገባ አትሩጡ። በጊዜያዊ የጋራ ሒሳብ ለስድስት ወር ቆጥቡ። ከስድስቱ ሁለቱን ወር ያዘገየ ሰው ወደፊትም ያዘገያል። በዚህ ጊዜ መለየት ያለ ፀብ ይሆናል፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ይመለስለታል፣ ወዳጅነቱም ይቀጥላል። ከሦስት ዓመት በኋላ መለየት ግን የሚያልቀው ፍርድ ቤት ነው።

የአባላት ቁጥር ታችና ላይ ጣሪያ፣ በከተማው ውስጥ የመኖሪያና የአገልግሎት ዘመን መስፈርት፣ የቦታ ስፋት፣ የሚፈቀደው ፎቅ፣ እነዚህ ሁሉ በክልሉ መመሪያ የሚወሰኑና አልፎ አልፎ የሚለወጡ ናቸው። የሚሠራበትን መመሪያ ቅጂ ከከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤትና ከኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በእጃችሁ ያዙ። በቃል የሰማችሁትን ይዛችሁ ሰው አትሰብስቡ።

2. ሒሳቡን ቀድሞ መሥራት

ብዙዎች ይህን ደረጃ የሚዘሉት እውነቱን መስማት ስለሚያስፈራ ነው። ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ አንድ አባል እንውሰድ። ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ የሚቆረጠው ከሢሶው እንዳይበልጥ ሕጉ ይገድባል፤ ስለዚህ ሌላ ዕዳ ባይኖርበት እንኳ ጣሪያው 3,000 ብር ነው። በዓመት 36,000 ብር ማለት ነው። አሁን ለስሌት ብቻ የአንድ ሙሉ ቤት ግምት 900,000 ብር ነው ብንል፣ በቁጠባ ብቻ 25 ዓመት ይፈጃል። ሰውየው ጡረታ ይወጣል፤ ዋጋውም ባለበት አይጠብቀውም።

መውጫው ሁለት ነው፤ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ።

የመጀመሪያው እየሰፋ የሚሄድ ቤት ማቀድ ነው። ፕላኑ ሙሉ ይሁን፣ ፈቃዱም ለሙሉው ይውጣ፤ መጀመሪያ የሚሠራው ግን 6 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ 36 ካሬ ነው፦ ሁለት ክፍል፣ ትንሽ ማብሰያና መጸዳጃ። ቤተሰቡ እዚያ ገብቶ ኪራይ ሲያቆም፣ የኪራዩ ገንዘብ ራሱ ቀሪውን ክፍል ይሠራል። ለመጪው ክፍል የሚቀጥለው የግሬድ ቢም (ግድግዳውን ከሥር የሚሸከመው አግድም የኮንክሪት ማሰሪያ) ፌሮ ከመጀመሪያው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ይቅር፤ ዝገት እንዳይበላው በስስ ኮንክሪት ይሸፈን። ይህን ያላደረገ በኋላ ኮንክሪት ለመስበር ይገደዳል፤ አዲሱና አሮጌው ግንብ በሚገናኙበት መስመር ላይም ስንጥቅ ይወጣበታል።

ሁለተኛው ብድር ነው። የዚህ ትንሽ ቤት ግምት 400,000 ብር ቢሆንና ግማሹ በቁጠባ ተሸፍኖ 200,000 ብር ብትበደሩ፣ ወለዱ 14 ከመቶ፣ ዘመኑ 10 ዓመት ቢሆን፣ የወር ክፍያው 3,105 ብር ገደማ ይመጣል። በድምሩ 372,600 ብር ትመልሳላችሁ። የ9,000 ብሩ ደመወዝተኛ ጣሪያ 3,000 ብር ስለሆነ በ105 ብር ብቻ ከብድሩ ይወድቃል! ብድሩን ወደ 190,000 ቢያወርደው 2,950 ብር ስለሚሆን ያልፋል። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ስሌት ለእያንዳንዱ አባል ለብቻው ይሠራ። ከንግድ ባንክም ሆነ ቀድሞ አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ከነበረው ፀደይ ባንክ የወቅቱን ወለድ፣ የብድር ዘመንና የዋስትና ዓይነት በጽሑፍ ጠይቁና ቁጥሩን በራሳችሁ ተኩት።

በግምቱ ላይ መጠባበቂያ ጨምሩ። ሲሚንቶና ፌሮ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ አይቆሙም፤ መንገድ በሚዘጋበት ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አይገኙም። ከ20 ከመቶ ያነሰ መጠባበቂያ የያዘ ማኅበር ጣሪያ ሳይደርስ ይቆማል።

3. መተዳደሪያ ደንብ

ጽሕፈት ቤቱ የሚሰጠው ናሙና ደንብ አለ። እሱን ገልብጦ መፈረም ልማድ ሆኗል፤ ማኅበራትን ዋጋ የሚያስከፍለው ይኸው ልማድ ነው። ናሙናው ስለ ኮሚቴና ስለ ጉባኤ ይናገራል፤ ሰው ሲሞት፣ ሲዛወር፣ ሲፋታና መክፈል ሲያቅተው ስለሚሆነው ግን እናንተ ናችሁ የምትጽፉት። ቢያንስ የሚከተለውን በቁጥርና በቀን አስገቡ።

የዘገየ ክፍያ፦ የመክፈያ ቀን ደመወዝ ከወጣ በአምስተኛው ቀን፤ ካለፈ ቅጣቱ ስንት ብር፣ ስንት ወር ሲደራረብ ማስጠንቀቂያ፣ ስንት ሲሆን ስንብት እንደሆነ። የተሰናባች ገንዘብ ከነወለዱ ነው ወይስ ያለ ወለድ የሚመለሰው? መቼ? ተተኪ ሲገባና ተተኪው ሲከፍል ቢባል ማኅበሩ አይቸገርም።

ዝውውር፦ መምህር ከደብረ ማርቆስ ወደ ቢቸና፣ ጤና ባለሙያ ወደ ደጀን ይዛወራል። መሥሪያ ቤት መለወጡ ብቻውን አባልነትን እንደማይሰርዝ፣ ክፍያው ግን በባንክ ቋሚ ትእዛዝ እንደሚቀጥል ጻፉ።

ሞት፦ ወራሽ እስከ ስንት ወር የወራሽነት ማስረጃ አምጥቶ እንደሚተካ ይወሰን። በዚያ መሀል ክፍያው እንዳይቋረጥ አንድ መላ አለ፤ ከየአባሉ በወር ትንሽ ብር የሚገባበት የመረዳጃ ሒሳብ የሟችን ክፍያ ለስድስት ወር ይሸፍናል። እድር ያደገበት ሕዝብ ይህን ለማስረዳት አይቸገርም።

ፍቺ፦ በጋብቻ ዘመን የተቆጠበው ገንዘብ የጋራ ነው። አባልነቱ ለማን እንደሚቀር የሚወስነው ፍርድ ቤት ወይም የባለትዳሮቹ ስምምነት ነው፤ ማኅበሩ የተፈረደውን ይመዘግባል እንጂ አይዳኝም ብላችሁ ጻፉ። ኮሚቴው በዚህ ውስጥ እጁን ካስገባ ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል።

ሽያጭ፦ ግንባታ ሳይጠናቀቅ አባልነትን ወይም ቦታን ለሌላ ማስተላለፍ በደንቡ ይከልከል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004ም ግንባታ ሳይጀመር ወይም በግማሽ ሳይደርስ የሚተላለፍን ቦታ ጥብቅ ገደብ አድርጎበት ነበር። የሚታየው ሽወዳ በውክልና ሽፋን የሚደረግ ሽያጭ ነው፤ ደላላ ገዢ ያመጣል፣ አባሉ ውክልና ይሰጣል፣ በየጉባኤው የማታውቁት ሰው መቀመጥ ይጀምራል። በጉባኤ የሚወከለው የትዳር ጓደኛ ወይም የአንደኛ ደረጃ ዘመድ ብቻ ይሁን።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው የአሠራር ቅደም ተከተል ነው። ዕቁብን እናውቃለን፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ የሚጠራው ለምን እንደሆነም እናውቃለን። ቤቶችን ተራ በተራ፣ ማለትም የአንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው እያሉ መሥራት ያለ ዋስ ዕቁብ መጣል ነው። አምስቱ ቁልፍ ሲቀበሉ ልባቸው ይበርዳል፤ አሥራ አምስቱ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ደንቡ «20ውም ቤት በአንድ ደረጃ ይሄዳል፤ የሁሉም መሠረት ሳያልቅ የማንም ግድግዳ አይነሳም፣ የሁሉም ግድግዳ ሳያልቅ የማንም ጣሪያ አይመታም፤ ዕጣም የሚወጣው ጣሪያው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው» ይበል። የትኛው ቤት የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ሁሉም ሰው ሁሉንም ግንብ እንደ ራሱ ይቆጣጠራል።

4. ምዝገባ

ከከተማው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ነው የሚፈጸመው፤ መሠረቱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። የምሥረታ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ በሁሉም የተፈረመ ደንብ፣ የአባላት ዝርዝር ከነአድራሻቸው፣ የተመረጡ የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት ስም፣ ዕቅድና የባንክ ማስረጃ ይቀርባል። ድምፅ አንድ አባል አንድ ነው፤ ብዙ የከፈለ ሁለት ድምፅ የለውም። በቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ ሒሳብ የሚችል አንድ ሰው የግድ ይኑር። የሥራ አመራሩ ሰብሳቢ የትዳር ጓደኛ ወይም ዘመድ በቁጥጥር ውስጥ አይግባ።

5. ገንዘብ አያያዝ

ጥሬ ብር በሰው እጅ አይግባ። አባል በራሱ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ያስገባል፤ ደረሰኙን ለገንዘብ ያዥ ያሳያል። ወጪ በሦስት ፊርማ (ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ሹም) ይሁን፤ ከሦስቱ ሁለቱ ብቻ ቢፈርሙ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ብቻ እንዳይሆኑ አድርጉ። ለጥቃቅን ወጪ በወር የተወሰነ ብር ይመደብ፤ ሲያልቅ ደረሰኝ ተወራርዶ ይተካ።

በየወሩ አንድ ገጽ ሒሳብ ለሁሉም ይላክ፤ በቴሌግራምም ሆነ በወረቀት። የእያንዳንዱ አባል ስም፣ የከፈለው፣ የቀረበት፣ የወሩ ወጪ በዝርዝር ይቀመጥበት። ሐሜት የሚበቅለው ይህ ገጽ ሁለት ወር ሲቀር ነው። ንጹሕ ኮሚቴም ቢሆን ሒሳብ ካላሳየ ይታማል።

ቦታ ከመሰጠቱ በፊት ከግንባታ ወጪው የተወሰነ ድርሻ በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ ይጠየቃል፤ ድርሻው በየጊዜው መመሪያ ይለወጣል። ዝግ ሒሳቡ በምን ደብዳቤና በስንት ደረጃ እንደሚለቀቅ አስቀድማችሁ ከባንኩም ከጽሕፈት ቤቱም ጠይቁ። ሲሚንቶ በረከሰበት ወር ገንዘቡ ተቆልፎ የተቀመጠበት ማኅበር ብዙ ነው።

6. መሬት

የ721/2004 አዋጅ በመንግሥት የሚፈቀዱ የራስ አገዝ የመኖሪያ ቤት ግንባታዎች ያለ ጨረታ በምደባ መሬት እንዲያገኙ በር ከፍቶ ነበር፤ ለመኖሪያ የሊዝ ዘመኑም 99 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የወጡትን ሕጎች ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ አረጋግጡ።

ቦታው ተጠቁሞ ስትሄዱ ለማየት ብቻ አትሂዱ። በከተማ ዳር የሚሰጠው መሬት ትናንት የገበሬ ማሳ ነበር። ካሳው መከፈሉን፣ ገበሬውም መውሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ ሳታዩ ርክክብ አትፈርሙ። ካሳን የሚመለከተው አዋጅ 1161/2011 ነው። ካሳ ያልተከፈለበት ቦታ ላይ ችካል የተከለ ማኅበር ጤፉ ከታጨደ በኋላም አጥር ማጠር አይችልም፤ ፍርድ ቤት ያግደዋል። ከሕጉም በላይ ግን የሚቀድም ነገር አለ፤ ከዚያ ሰው ጋር ጎረቤት ሆናችሁ ልትኖሩ ነው። ማሳውን ያስረከበው አባወራ ደጃችሁ ላይ የተበደለ ሆኖ መኖር የለበትም።

ርክክቡ ላይ ቀያሹ የተከለውን እያንዳንዱን ችካል በሜትር ለኩ፣ ከካርታው ጋር አስተያዩ፣ በዚያው ቀን በሲሚንቶ አጽኑት። የእንጨት ችካል ከብት ይነቅለዋል። የመግቢያ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃና የመብራት ምሰሶ መስመር በፕላኑ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።

ካርታው በማኅበሩ ስም ከወጣ ግንባታው እስኪያልቅ እዚያው ይቆይ። ወዲያው በየአባሉ ስም የሚወጣ ከሆነ ግን እያንዳንዱ አባል ያልከፈለውን ዕዳ የሚያምንበትና ቦታውን በመያዣ የሚያሲዝበት ውል በሰነዶች ማረጋገጫ ይፈርም። የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በመዝገብ ካልተመዘገበ አይጸናም፤ ውሉን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም።

7. አፈሩ

የግንባታ ፈቃድ ከመጠየቃችሁ በፊት በቦታው ሦስት ጫፎች ቢያንስ 2 ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሩ። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ብዙ ቦታ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጥርና በየካቲት ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ቤቱን በዓመት አንዴ ያነሳዋል፣ አንዴ ያወርደዋል። ከመስኮት ጥግ ወደ ላይ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ የምታዩባቸው ቤቶች ታሪካቸው ይኸው ነው፤ ስንጥቁን በልስን መድፈን በየዓመቱ ገንዘብ መጣል ነው።

መረሬው ጥልቅ ካልሆነ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ ይወጣና መሠረቱ ከሥሩ ባለው ጠንካራ አፈር ወይም ድንጋይ ላይ ያርፋል። ጥልቅ ከሆነ መሐንዲሱ የሚሰጠውን ጥልቀትና የፉቲንግ (የመሠረቱ እግር) ስፋት ተከተሉ። የወለሉ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ወጥቶ በቀይ አሸዋማ ወይም በተመረጠ አፈር ይሞላ፤ ሲሞላም በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ውሃ እየጠጣ ይጠቅጠቅ። አንድ ሜትር ሞልቶ አንዴ ከላይ መጠቅጠቅ የሚያጠነክረው ላዩን ብቻ ነው። ከዚያ 25 ሴንቲ ሜትር ሃርድኮር (የድንጋይ ንጣፍ)፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት።

መሠረት በተቆፈረበት ሳምንት ሊኑ (ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) ይፍሰስ። ቦዩ ለወር ተከፍቶ ከቆየ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ታቹም ይሰነጠቃል። ሌላው ባሕር ዛፍ ነው፦ ሥሩ ከመረሬ ውስጥ ውሃ መጥጦ አፈሩን ያኮማትረዋል። ዛፉ ከቤቱ የቁመቱን ያህል ይራቅ፤ በድንበር ላይ ያለውን ከግንባታው በፊት ከባለቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ አስቆርጡ።

8. ፈቃድና ወቅት

አንድ ዓይነት ፕላን ለ20ውም ቤት ይሠራ፤ የዲዛይን ክፍያ ይቀንሳል፣ ኮንክሪት የሚፈስበት ሳንቃም ከቤት ቤት እየተዘዋወረ ያገለግላል። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ፎቅ የሌለውና በምሰሶዎቹ መሀል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ሕንፃ በምድብ «ሀ» ነበር፤ አሁን የሚሠራበትን ከጽሕፈት ቤቱ አረጋግጡ። ፎቅ ካወጣችሁ ምድቡ ይቀየራል፣ የሚጠየቀው ባለሙያና ወረቀት ይጨምራል።

የሥራው ወራት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ናቸው። ቁፋሮና መሠረት ጥቅምትና ኅዳር፣ ግሬድ ቢምና ወለል ታኅሣሥ፣ ግድግዳ ጥርና የካቲት፣ የላይ ቢምና ጣሪያ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ። ሰኔ ሲገባ ጣሪያ ያልለበሰ የብሎኬት ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ይረጥባል፤ ልስኑም በኋላ ይነፋፋል። ጣሪያ እንደማይደርስ በየካቲት ካወቃችሁ ግድግዳውን አታንሱ፤ በወለሉ አቁሙና ለመስከረም ገንዘብ ቆጥቡ። ይህን ውሳኔ ለመወሰን ድፍረት ይጠይቃል፤ ገንዘብ የሚያድነው ግን እሱ ነው።

9. ዕቃ መረከብ

ከአባላቱ ሁለት ሁለት ሰው በተራ ዕቃ ተረካቢ ይሁን። መምህር ቅዳሜ፣ ነርስ ከአዳር በኋላ ቢሆን ተራው ይደርሳል። የሚፈትሹት ይህን ነው።

ፌሮ፦ ሙሉው ዘንግ 12 ሜትር ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ዘንግ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 12ቱ 10.7 ኪሎ፣ ባለ 14ቱ 14.5 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። «12» ተብሎ 9 ኪሎ የሚመዝን ካገኛችሁ የቀጠነ ነው፤ መልሱት። ሚዛን ከእህል ነጋዴ ተውሳችሁም ቢሆን መዝኑ።

አሸዋ፦ በነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉት፣ ትንሽ ጨው አክሉበት፣ አጥብቃችሁ ናጡና ለሦስት ሰዓት አስቀምጡት። አሸዋው ታች ይዘቅጣል፤ ጭቃው በላዩ ስስ ቡናማ ሽፋን ሆኖ ይለያል። አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጭቃው ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ይታጠብ ወይም መኪናው ሳይራገፍ ይመለስ። ጭቃ የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶው ከጠጠሩ ጋር እንዳይያያዝ ያደርጋል፤ ኮንክሪቱ ደርቆም በሚስማር ይፋቃል።

ሲሚንቶ፦ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ርቆ ይደርደር፤ ከ10 ከረጢት በላይ አይነባበር። ከሦስት ወር በላይ የሚያስቀምጥ ግዢ አትግዙ። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል የያዘ ከረጢት ለኮንክሪት አይውልም።

ብሎኬት፦ ለ36 ካሬው ቤት የውስጡንና የውጩን ግድግዳ 34 ሜትር፣ ቁመቱን 2.8 ሜትር ብንይዝ 95 ካሬ ነው። በርና መስኮት 11 ካሬ ቀንሱ፤ 84 ካሬ። በካሬ 12.5 ብሎኬት ይገባል፤ ከስብራት ጋር 1,100። ለ20 ቤት 22,000። በዚህ ብዛት ማሽን ተከራይቶ በቦታው ማምረት ያዋጣል፤ በአንድ ሁኔታ፦ ለሰባት ቀን በጥላ ሥር በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ካልጠጣና ሁለት ሳምንት ካልሞላው ግንብ ላይ እንዳይወጣ። ነጋዴው የትናንቱን ለዛሬ ይሸጣል፤ እናንተ ለራሳችሁ አትቸኩሉ።

10. ኮንክሪት

ለ36 ካሬ ወለል በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 3.6 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ብንል 26 ከረጢት፣ ማለትም 13 ኩንታል። ለ20ው 260 ኩንታል።

ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሳጥን ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። በአካፋ መቁጠር አይቻልም፤ ጠዋት የሞላው አካፋ ከሰዓት ይጎድላል። ውሃው 25 ሊትር፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ያንሳል። ሠራተኛ እንዲቀለው ውሃ ይጨምራል፤ ያ ተጨማሪ ውሃ ሲደርቅ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። የተረካቢው ዋና ሥራ ጀሪካኑ አጠገብ መቆም ነው። ከተፈሰሰ በኋላ ለሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ ይልበስ። የደብረ ማርቆስ የቀን ፀሐይ ባያቃጥልም ነፋሱ ያደርቃል።

11. የሠራተኛ ውልና ክፍያ

ዕቃ በማኅበሩ፣ እጅ በውል ይሁን፤ ለአነስተኛ ማኅበር ከሁሉ የሚረክሰው ይህ ነው። ክፍያው በቀን ሳይሆን በተለካ ሥራ ይከፈል፦ ከመሠረት እስከ ወለል፣ ግድግዳ እስከ ላይ ቢም፣ ጣሪያ፣ ማጠናቀቂያ። ከየክፍያው 5 ከመቶ ተይዞ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ይለቀቅ፤ ጣሪያን የሚፈትነው ክረምት ብቻ ነው። ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ፌሮው ከታሰረና ሳንቃው ከቆመ በኋላ፣ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ይጠራ። ከፈሰሰ በኋላ የመጣ መሐንዲስ የሚያየው የለም።

አባላት በጉልበት መርዳት ይችላሉ። ደቦና ወንፈል ድንጋይ ለመሰብሰብ፣ አፈር ለማውጣት፣ ውሃ ለመቅዳት ያገለግላል። ለፌሮ ማሰርና ለግንበኝነት ግን አይሆንም። ያልመጣ አባል የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይክፈል፤ ይህም በደንቡ ይጻፍ።

ለጣሪያ ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጁ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አትርሱ፤ 28 ከ32 ይወፍራል። የባሕር ዛፍ ማዋቀሪያው የደረቀ ይሁን። እርጥቡ ከተመታ በኋላ ሲጣመም ሚስማሩን ይዞት ይነሳል፤ ውሃው በዚያ ይገባል። አሸንዳ ለኋላ አይተላለፍ፤ በመረሬ ላይ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ መሠረቱ ሥር ከሰረገ የደከማችሁበት ሁሉ ይበላሻል። በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ ይሠራ።

12. ዕጣና መዝጊያ

ዕጣው ሁሉም አባል፣ የጽሕፈት ቤቱ ተወካይና ሁለት የሠፈር ሽማግሌ ባሉበት ይውጣ። የማዕዘን ቦታ ከሌላው የሚሰፋ ከሆነ የልዩነቱ ዋጋ ከዕጣው በፊት ይወሰን፤ ከዕጣው በኋላ የሚነገር ዋጋ ማንንም አያስማማም። አካል ጉዳት ያለበት አባል ለመንገድ የቀረበውን ያለ ዕጣ ያግኝ፤ ይህም በጉባኤ አስቀድሞ ይጸድቅ።

የውሃ ቆጣሪና የመብራት ማመልከቻ በማኅበሩ ማኅተም በአንድ ላይ ይግባ፤ በየግል የሚቀርብ ማመልከቻ ምሰሶና ዋና መስመር ይቸግረዋል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ሴፕቲክ ታንኩ ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የጎረቤትንም ጉድጓድ ቁጠሩ።

ቁልፍ ሲሰጥ እያንዳንዱ አባል የከፈለውንና የቀረበትን የሚያሳይ የሒሳብ ወረቀት ይፈርም። ካርታ የሚዛወረው ቀሪው ዜሮ ለሆነ አባል ብቻ ነው። ማኅበሩን ለመዝጋት አትቸኩሉ። የተያዘው 5 ከመቶ እስኪለቀቅ፣ የመጨረሻው ካርታ እስኪወጣ፣ ሒሳቡም በኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ ኦዲተር እስኪመረመር ይቆይ። የተረፈውን ሲሚንቶ፣ ሳንቃና የብሎኬት ማሽን ሽያጭ ወደ ሒሳቡ አስገቡና በእኩል አካፍሉ፤ ቃለ ጉባኤዎቹንና የክፍያ ደረሰኞቹን ደግሞ ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱን ለጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱን ጉባኤው ለሚመርጠው አባል በፊርማ አስረክቡ።